የጆጉ ጨዋታ

የእህቴ ልጅ የጎረቤታችንን የልጅ ልጅ ጆሮ ነክሳ ያደማችው በሙቀቱ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። እሷ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር፣ እሱ ገና ዓመት ተኩል ነበሩ። ወሩ ሐምሌ ነበር። በድሬዳዋ ሐምሌ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የጣሪያው ቆርቆሮ ራሱ ይንጣጣል። ትልቅ ሰው ሙቀቱን ይራገማል፤ ሕፃን መራገሚያ ቃል ስለሌለው በጥርሱ ይናገራል። ደሙ በልጁ አንገት ሲወርድ እህቴ ከሥራ መግባቷ ነበር። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የልጇን አፍ በጥፊ መታችው። ልጅቷ ዞራ እኔን መታችኝ። እኔ የምመታው ሰው ስላልነበረኝ በሩን በእግሬ መታሁት።

ያን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር። እህቴ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ በስፌት ትሠራለች። ባለቤቷ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ኑሮው የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከጠዋት አንስቶ ሰርቪሱ እህቴን እስኪመልሳት ድረስ ልጅቷ የእኔ ነበረች። ጎበዝ ሞግዚት መሆን እፈልግ ነበር። በጠቅላላው ሰው ሁሉ በእኔ እንዲደሰት የምፈልግ ዓይነት ሰው ነኝ፤ ይህንንም ጠባይ እንደ ጥሩ ነገር እቆጥረው ነበር።

ግቢያችን ከደቻቱ ወንዝ ብዙ አይርቅም። በአንድ መስመር የተሠሩ አራት ክፍሎች አሉት፤ መሀል ላይ አንድ የኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ የነበረ የሲሚንቶ ገንዳ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በመጣ ቀን ገንዳው ይሞላል፤ በሌላው ቀን ሁሉም ከእሱ ይቀዳል። ቁመቱ ከጉልበቴ ጥቂት ከፍ ይላል። ጎኑ ላይ የልብስ ማጠቢያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጠግቷል። አፉ ሁልጊዜ በቆርቆሮ ይከደናል፤ ቆርቆሮው ላይም ድንጋይ ይጫናል።

ድንጋዩን የምትጭነው እህቴ ናት። ልጅ ሳለች የደቻቱ ጎርፍ የእናታችንን ቤት የጓሮ ግድግዳ ገንድሶ ሲገባ አይታለች። እኔ አልተወለድኩም ነበር። የልብስ ሳጥናችን በበሩ ሲወጣ፣ የጎረቤት ፍየል ከነገመዷ ስትሄድ አይታለች። ከዚያ ወዲህ ለእሷ ውሃ ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ይከደናል። አይጫወቱበትም።

«እጅ ስለሌለው ነው የምትንቂው» ትለኝ ነበር። «እጅ ሳይኖረው ነው የሚያንቀው።»

ቢሆንም፣ ልጆቹ ከሚነካከሱ ውሃ ቢራጩ ይሻላል ብዬ ሦስት ቀን ለመንኳት። በሦስተኛው ቀን ጣቷን ዓይኔ ድረስ አምጥታ «ከሳፋው ውጪ አንድ ጠብታ ብትነካ አንቺን ነው የምደፍቅሽ» አለች። ፈቃዷ ይህ ነበር።

በማግስቱ ሳፋውን ከዛፉ ጥላ ሥር አስቀምጬ አራት ጣት ያህል ውሃ ጨመርኩበት። ከዚያ በላይ አልጨምርም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ከቧንቧው ጎማ መጀመሪያ የሚወጣውን ውሃ ለልጅ መስጠት እንደማይገባ ያን ጠዋት ተማርኩ፤ ጎማው ፀሐይ ላይ ስለሚውል፣ በውስጡ የቀረው ውሃ ለሻይ የሚሆን ነው። እጄን ሲያቃጥለኝ ዛፉን አጠጣሁበት፤ ከዚያ የቀዘቀዘውን በክርኔ ለክቼ ልጆቹን አስጠጋኋቸው።

የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጥ በጋለ ምስማር በሳስቼ የዝናብ ጠርሙስ አደረግሁ። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ ሰጠኋቸው፤ ልጁ ስፖንጁን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ዶሮ አንገት ጠመዘዘው። የለስላሳ ክዳኖች ውሃው ላይ ሲንሳፈፉ ልጅቷ አንድ በአንድ በመዳፏ እየደቆሰች አሰመጠቻቸው፤ ተመልሰው ሲወጡ ተናደደች፣ እንደገና ደቆሰቻቸው። የቀለም ብሩሽ ሰጥቻት በውሃ ግድግዳ ላይ እንድትሥል አደረግሁ። በኛ ከተማ የውሃ ሥዕል ዕድሜ የለውም፤ የሠራችው ክብ ግማሹ ሳያልቅ ሌላው ግማሽ ደረቀ። ዞር ብላ ሌባውን ፈለገች። ሌባ ስታጣ ግድግዳውን በብሩሹ ገረፈችው።

ውሃ ልጆችን ያለዝባል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አልለዘቡም። ግን መነካከሱን ተዉት። ረፋዱን ሙሉ ውሃውን ሲመቱ፣ ሲረግጡ፣ ሲያንቁ ቆይተው ከሰዓት በኋላ እንደ ድንጋይ ይተኛሉ። በሁለተኛው ሳምንት የልጅቷ አንገት ላይ የነበረው የሙቀት ሽፍታ ጠፋ። እህቴ አንገቷን አገላብጣ አየች፤ ምንም አላለችም፤ አልተሳደበችምም። እኔ ያን ቀን እንደ ተመረቅሁ ነበር የቆጠርኩት።

የልጁ አያት ሶማሊ ናት። አዬዮ እንላታለን፤ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው። የልጁ እናት ጅግጅጋ እየተመላለሰች ልብስ ስለምትነግድ የምታሳድገው አዬዮ ናት። በኛ ከተማ «አንቱ» ብዙ አይሰማም፤ ፍቅሩም ክብሩም በ«አንቺ» ነው የሚነገረው። አዬዮ ጉልበቷን ስለሚያማት ደጃፏ ላይ ሰሌን አንጥፋ፣ በትሯን ከጎኗ አድርጋ ትውላለች። ከዚያ ሆና እኛን ታያለች፣ ትተርበናለች።

«አቦ አንቺ ልጅ፣ ልጆቹን ለውትድርና ነው እንዴ የምታሠለጥኛቸው?»

«ጨዋታ ነው አዬዮ።»

«ጨዋታ? የኔው ልጅ ትናንት ሾርባውን በጥፊ መታው! ‹ምን አደረገህ?› ብለው ሳቀ።»

በጣም የወደዱት ጨዋታ የጆጉ ነበር። ቀይ የፕላስቲክ ጆግ ነበረን። ጆጉን ሞልቼ አንድ ቦታ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ «ጆግ!» ብዬ እጮኻለሁ። ሁለቱም ይሮጣሉ። መጀመሪያ የነካው እግሩ ላይ ይፈስስለታል። ልጅቷ ታላቅ ስለሆነች ሁልጊዜ ታሸንፋለች፤ ያም ሆኖ እንዳይቀድማት በክርኗ ትደልቀዋለች። «ጆግ» የሚለውን ቃል ከየትም ብትሰማው እግሯ ይነሣ ነበር። አንድ ቀን እህቴ ራት ላይ «እስኪ ጆጉን አቀብዪኝ» ስትለኝ ልጅቷ ከምንጣፉ ላይ ዘላ ተነሥታ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች። ተሳሳቅን። ለእኔ ግን ኩራትም ነበረው፤ ያስተማርኩት ነገር ገብቷታል።

ልጁ ግን ሌላ ችግር ነበረበት። «ጆግ!» ስል አንድ እርምጃ ይሄድና ይቆማል፤ አያቱን ያያል፤ እንደገና ይነሣል፤ እንደገና ይቆማል። አንድ ረፋድ አዬዮ ይህን አይታ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ ነይ እስኪ! ምንድን ነው የምትያቸው?»

«ጆግ።»

«ጆግ ምንድን ነው?»

«ይሄ ነዋ።» ቀዩን ጆግ አንሥቼ አሳየኋት።

«ወላሂ? በኛ እኮ ጆግ ማለት ቁም ማለት ነው። እዚያው ሁን፣ እንዳትሄድ! እኔ ይሄን ልጅ ጠዋት ማታ ‹ጆግ፣ ጆግ› እያልኩ አቆመዋለሁ፣ አንቺ ‹ጆግ› ብለሽ ታስሮጪዋለሽ። እግሩን ለሁለት ልትከፍዪው ነው!»

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ በኋላ ስትሰለች «እስኪ አቦ ጆግ በያቸውና ልሳቅ» ትለኝ ነበር። እኔም እላለሁ። ልጅቷ ትሮጣለች፣ ልጁ መሀል መንገድ ላይ ይገተራል፣ አዬዮ ትስቃለች። የጨዋታውን ስም መቀየር እንዳለብኝ አንድ ሁለት ጊዜ አስቤ ነበር። አልቀየርኩም። አዬዮ ስትስቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ቃሉ ሁለት ትርጉም እንዳለው በግቢው ውስጥ ከአዬዮ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን እዚህ ላይ መጻፍ አለብኝ፤ በኋላ ለሆነው ሁሉ መነሻው ይህ ነውና።

ሦስተኛው ክፍል ውስጥ የምትኖር አንዲት ሴት አለች። ከአዬዮ ጋር አይዋደዱም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ውሃ ለብዙ ቀን ጠፍቶ የመጣ ዕለት፣ ሁሉም ጄሪካኑን ይዞ ቧንቧው ጋ ተሰለፈ። ሴትዮዋ የአዬዮን ጄሪካን በእግሯ ገፍታ የራሷን አስገባች።

«ተራዬ ነው» አለች አዬዮ።

«ተራ? አንቺ ተራ የምታውቂ ሰው ነሽ? ለልጅ ማንቦጫረቂያ እኮ ነው የምትወስጂው!»

አዬዮ በበትሯ ጄሪካኑን መታችው፤ ቢጫው ፕላስቲክ ጎኑ ተሰነጠቀ። ሴትዮዋ ባዶውን ጄሪካን ወረወረችባት፤ ትከሻዋን አገኛት። ሻሿ ወለቀ። ሰዎች ገብተው ያዟቸው፤ ውሃው ግን በዚህ ሁሉ መሀል መሬት ላይ ይፈስስ ነበር። ልጆቹ ጭቃው ውስጥ ገብተው እጃቸውን እያጨበጨቡ ነበር። ጠብ ሲያዩ ጨዋታ መስሏቸው ነው።

መስከረም ገባ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ልጆቹ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ስፖንጅ ይጨምቁ ነበር። አዬዮ ደጃፏ ላይ ነበረች። የሳፋው ውሃ ስላለቀ ከገንዳው ልቀዳ ሄድኩ። ድንጋዩን አወረድኩ፣ ቆርቆሮውን ገለጥኩ፣ ጆጉን ሞላሁና የገንዳው ከንፈር ላይ አስቀመጥኩት። በዚያች ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። አብራኝ የተፈተነች ጓደኛዬ ናት።

«ተለቀቀ! ውጤት ተለቀቀ! አየሽ?»

ድምፅዋ ተቆራረጠ። በግቢያችን ኔትወርክ የሚገኘው በሩ ላይ ነው። ሄድኩ። ከገንዳው እስከ በሩ ያለው ርቀት ሩቅ አይደለም፤ በኋላ በእርምጃ ለክቼዋለሁ፣ አሥራ አንድ ነው። ጀርባዬን ለግቢው ሰጥቼ፣ አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ «የመፈተኛ ቁጥሬን ላንብብልሽ፣ ያዥ» እያልኳት ነበር።

ያን ጊዜ ከኋላዬ «ጆግ!» ሲባል ሰማሁ። እንደገና «ጆግ! ጆግ!»

አዬዮ ናት። ስልኩን አልዘጋሁም። ዞርም አላልኩም። ‹ጎሽ አዬዮ፣ እያጫወተችልኝ ነው› ነው ያልኩት በልቤ።

ቀጥሎ የሰማሁት እርጥብ ልብስ ገንዳ ውስጥ ሲጣል የሚያሰማውን ድምፅ ነው። ቀጥሎ የአዬዮን ጩኸት። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያች ሴት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አዬዮ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ልጅቷ ከሳፋው ተነሥታ ወደ ማጠቢያው ድንጋይ ስትሄድ ነው ያየቻት። ገንዳው ክፍት እንደሆነ አየች። ጉልበቷ በቶሎ አያስነሣትም። አማርኛውን ለመፈለግ ጊዜ አልነበራትም፤ ከአፏ የወጣው ከእናቷ የወረሰችው ቃል ነው፦ «ጆግ!» ቁሚ! ልጅቷ እስከዚያ ድረስ ወዴት እንደምትሄድ የወሰነች አትመስልም ነበር። ቃሉን ስትሰማ ግን ፊቷ በራ። ጆጉን ፈለገችው፣ ገንዳው ከንፈር ላይ አገኘችው፣ ድንጋዩ ላይ ወጣች፣ እጇን ዘረጋች። አጠገቧ የነበረው ልጅ አያቱን ሰምቶ በቆመበት ቆመ።

አንድ ቃል ነው። አንዱን አቆመው፣ ሌላዋን ውሃ ውስጥ ከተታት።

ስዞር አዬዮ በጉልበቷና በእጇ እየዳኸች ገንዳው ጋ ደርሳ ነበር። ራሷን ወደ ውስጥ ወረወረች ማለት ይቀላል፤ ደረቷ ከሲሚንቶው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ሰማሁት። ልጅቷን በአንድ እግሯ ይዛ ጎትታ አወጣቻት። ከዚያ ክንዷ ላይ በሆዷ ደፍታ ጀርባዋን መታቻት። በመዳፏ፣ በኃይል፣ ደጋግማ። «አትምቻት!» ብዬ ጮኽኩ፤ ሞኝነቴ ነው። የልጅቷ ከንፈር ጠቁሮ ነበር። በአምስተኛው ምት ውሃው ከበላችው ሙዝ ጋር ወጣ። ሳለች። ከዚያ አለቀሰች። እንደዚያ የሚያስደስት ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

አዬዮ መሬት ላይ ተቀምጣ ቀረች። የጉልበቷ ቆዳ ተልጧል፤ የታችኛው ከንፈሯ በጥርሷ ተሰንጥቆ ደም አገጯ ላይ ይወርድ ነበር። እኔ ልጅቷን ታቅፌያት ነበር። የሦስተኛው ክፍል ሴትዮ ከመስኮቷ አጠገብ ሆና አይታ ኖሮ ሮጣ ወጥታለች። ልጅቷን ከእጄ ተቀብላ በፎጣ ጠቀለለቻት። ወደ አዬዮ ግን ዞር አላለችም።

የፋብሪካው ሰርቪስ ሲቆም የሚያሰማው የፍሬን ድምፅ ግቢያችን ድረስ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ሰማነው። እህቴ በሩ ጋ ሳትደርስ ሴትዮዋ ልጅቷን እንዳቀፈች ወጥታ ተቀበለቻት።

«ልጅሽ ገንዳ ውስጥ ገብታ ነው የወጣችው! በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ‹ጆግ ጆግ› እያለች ነው የላከቻት። ይሄ የሚጫወቱት ጨዋታ የለም? እሱን ብላ። የራሷን ልጅ አቆመች፣ ያንቺን ላከች! በዓይኔ አይቻለሁ፣ የሷ ልጅ ንቅንቅ አላለም!»

ከተናገረችው ውስጥ ውሸት የሆነ ቃል አልነበረም ማለት ይቻላል። ሁሉንም ሰምታለች፣ ሁሉንም አይታለች። የተረዳችው ነገር ብቻ ነው ውሸት።

እህቴ ልጇን አላቀፈቻትም። እርጥቡን ፀጉር፣ የተገለጠውን ገንዳ፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቀይ ጆግ አየች። ከቧንቧው ሥር የተቆረጠ የጎማ ቁራጭ ነበር፤ አነሣችው። ፊቷን ስመለከት ማንን እያየች እንደሆነ አወቅሁ፤ አዬዮን አይደለም። ግድግዳችንን የገነደሰውን ጎርፍ እያየች ነው።

«አንቺ!» አለች። ያ ሁልጊዜ የምንለው «አንቺ» ነው፤ ያን ቀን ግን እንደ ድንጋይ ተወረወረ። «ልጄን ወደ ውሃ ልከሻል?»

«ወላሂ እኔ…» አዬዮ እጇን አነሣች። ከንፈሯ ስላበጠ ቃሉ አይወጣላትም። «እኔ ጆግ ነው ያልኳት! ጆግ አልኳት!»

«አልሽ? አልሽ አይደል?»

«አዎ ብያለሁ! ጆግ ብያለሁ! ጆግ ማለት ጆግ ነው!»

ራሷን የምታድንበት ቃል መስሏት ነበር። በእህቴ ጆሮ ግን ያው ኑዛዜ ነው።

ጎማው ትከሻዋ ላይ አረፈ።

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። መናገር ይገባኝ ነበር፤ አፌም ተከፍቶ ነበር። ነገር ግን ጆግ ማለት ቁሚ ማለት ነው ካልኩ፣ ገንዳውን ማን ከፈተው ይመጣል። ጆጉን ማን እዚያ አስቀመጠው ይመጣል። የት ነበርሽ ይመጣል። እህቴ የልጅቷን አንገት አይታ ዝም ያለችለት ያ ሁሉ ክረምት ይመጣል። ሁለተኛው ምት አዬዮ ራሷን በሸፈነችበት ክንዷ ላይ አረፈ። ሦስተኛው ጀርባዋ ላይ። አልሸሸችም፤ በጉልበቷ ምክንያት መሸሽ አትችልም። የልጅ ልጇ እግሯን አቅፎ ይጮህ ነበር።

ሦስት ምት ዝም አልኩ። ከዚህ በላይ ስለ ራሴ የማውቀው የከፋ ነገር የለም።

በአራተኛው የእህቴን ክንድ ያዝኩት። «ቁሚ ነው ያለቻት!» ብዬ ጮኽኩ። «በሶማሊኛ ጆግ ማለት ቁሚ ማለት ነው! ቁሚ ነው ያለቻት! ያስሮጥኳት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ክዳኑንም የከፈትኩት እኔ ነኝ። በር ላይ ስልክ እያወራሁ ነበር!»

እህቴ ለአፍታ ያልገባት መሰለች። ከዚያ ስልክ የሚለው ቃል ገባት። ጎማው ወደ እኔ ዞረ። አንገቴ ላይ፣ ጆሮዬ ላይ፣ ፊቴን ስሸፍን ጣቶቼ ላይ። ስልኬን ከእጄ ቀምታ ሲሚንቶው ላይ ፈጠፈጠችው። «ስልክ! ስልክ! ስልክ!» እያለች ነበር የምትመታኝ። ህመሙ በእርግጥ ከባድ ነበር፤ ግን ለአዬዮ ሲደርስ ካየሁት ይልቅ ቀለለኝ። ሴትዮዋም መሀል ለመግባት ልጅቷን መሬት ላይ አስቀመጠቻት።

ያን ጊዜ አዬዮ ከወደቀችበት ሆና፣ እህቴን እያየች፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«ጆግ!»

የልጅ ልጇ ልቅሶውን አቋርጦ ቀጥ አለ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ፎጣውን ጥላ፣ ፀጉሯ እንደረጠበ፣ ዓይኗ በልቅሶ እንዳበጠ፣ ሮጠች። ወደ ገንዳው። የማጠቢያው ድንጋይ ላይ አንድ እግሯን ስታነሣ እህቴ ደረሰችባትና ከወገቧ ያዘቻት። ልጅቷ በእናቷ ክንድ ውስጥ እየተንፈራገጠች እጇን ወደ ቀዩ ጆግ ዘርግታ «የኔ! የኔ!» ትል ነበር።

እህቴ ልጇን አየች፤ የቆመውን ልጅ አየች፤ አዬዮን አየች። ጎማው ከእጇ ወደቀ። ሴትዮዋ «እኔ እንደዛ መሆኑን…» ብላ ጀምራ ተወችው፣ ክፍሏ ገባች።

እህቴ ልጇን በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ሳንባዋ ደኅና ነው ተባለ። እኔ ቀርቼ የአዬዮን ጉልበት አጠብኩ። ስጨርስ «ሦስት ነው ወይስ አራት?» አለችኝ። ዝም ብዬ ያሳለፍኩትን ምት እንደምትጠይቀኝ አውቄ ነበር። «ሦስት» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

በሳምንቱ እህቴ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ይዛ፣ አንዱ ሙስሊም አንዱ ክርስቲያን፣ አዬዮ ደጃፍ ሄደች። የአዬዮ ልጅ፣ የሕፃኑ አጎት፣ በትር ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሽማግሌዎቹን አይቶ ተወው እንጂ ለጠብ ነበር የመጣው። እህቴ መሬት ላይ ወድቃ የአዬዮን እግር ያዘች። ሽማግሌዎቹ አዬዮን ካሳውን ራስሽ ተናገሪ አሏት።

«ገንዳውን ስበሩልኝ» አለች አዬዮ። «እሷ ራሷ ትስበረው። እጇ መምታት ከወደደ ይኸውና።»

አከራዩ ተጠየቀ። የገንዳውን ስንጥቅ መድፈን እንደሰለቸው፣ በምትኩ ሮቶ እንደሚያስቀምጥ ተናገረ። ከባድ መዶሻ ከሰፈሩ ድንጋይ ጠራቢ ተዋስን። እህቴ ቀሚሷን ወገቧ ላይ አስራ ቆመች። ገንዳው ግማሽ ድረስ ውሃ ነበረው፤ ይቀዳ ሲባል አዬዮ እንቢ አለች። እንዳለ ይሁን አለች።

የመጀመሪያው ምት አንሸራተተ። ሁለተኛው ሲሚንቶውን ፈነቀለ። እህቴ ከዚያ በኋላ ማየት አቆመች መሰለኝ፤ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትመታው። ስንቱን ዓመት የተሸከመችው ነገር በዚያ መዶሻ ጫፍ ሲወጣ እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ላቧና እንባዋ አይለይም። ሰባተኛው ላይ ይሁን ስምንተኛው፣ የገንዳው ጎን ከላይ እስከ ታች ተተረተረ፤ ውሃውም በአንድ ጊዜ ወጣ። ሰሌኑን አነሣው፣ ሳፋውን ገለበጠው፣ ስፖንጆቹንና ክዳኖቹን እየገፋ በበሩ ሥር ወደ ደቻቱ አቅጣጫ ወረደ። ቀዩ ጆግም በጎኑ እየተንከባለለ ሄደ።

ሁለቱ ልጆች አዬዮ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ውሃውን ሲያዩ ተነሡ። ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ የማይሞላ ነበር፤ ግን እየፈሰሰ ነው፣ ገብተውበታል፣ በሁለት እግራቸው እየዘለሉ ይረግጡታል።

አዬዮ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ሲመጣ አየሁት፤ መልሳ ዋጠችው። ከዚያ በአማርኛ «ቁሙ!» አለች። «ቁሙ አቦ!»

አንዳቸውም አልቆሙም። እህቴ መዶሻውን ጥላ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ውሃው ውስጥ ገባችና በልጆቹና በበሩ መሀል ቆመች።